የእርጅና መድኃኒቱ አዳራሽ ነው

የምዕራቡ ዓለም ባለሀብቶች አሳዘኑኝ። እ.ኤ.አ. በ2022 አልቶስ ላብስ የተባለ ኩባንያ ያረጀ ሕዋስን ወደ ወጣትነት እመልሳለሁ ብሎ በ3 ቢሊዮን ዶላር ሥራ ሲጀምር፣ አንድ ወዳጅ እንኳ ጠጋ ብሎ «አዳማን አይታችኋል?» አላላቸውም። ያን ሁሉ ገንዘብ በአይጥ ላይ ከሚያፈሱ በፍጥነት መንገዱ ቢመጡ ኖሮ፣ እኛ እርጅናን ድል የነሳንበትን ዘዴ ከአንድ ሆቴል አዳራሽ ቀስመው በማግስቱ ይመለሱ ነበር።

ዘዴው ይኸውላችሁ። ለእርጅና ጥናት ገንዘብ ሲገኝ ጥናቱ አይጠናም፤ ይሰበሰቡበታል። በመጀመሪያ የማስጀመሪያ አውደ ጥናት፣ ከዚያ የባለድርሻ አካላት ምክክር፣ ከዚያ የረቂቅ ማዳበሪያ፣ ከዚያ የማጽደቂያ መድረክ አለ። ውጤቱ በዓይን የሚታይ ነው። ሰኞ ዕለት ወገቡን ይዞ የቢሮውን ደረጃ መውጣት ያቃተው ኃላፊ፣ ሐሙስ ቀን ቡፌው ፊት ሰሐኑን ይዞ ወጣቶቹን ሲቀድም ያየ ሰው ስለ ሕዋስ መታደስ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሶደሬ አለ፤ ፍል ውሃው «የመስክ ጉብኝት» በሚለው የበጀት መደብ ሥር ይወራረዳል። የውሎ አበል የተፈረመበት ፊት እንዴት እንደሚያበራ አልናገርም፤ ሳይንስ ገና አልደረሰበትም።

ገንዘቡ ከመንግሥት ይመጣል የሚል የዋህ ካለ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ከአገራዊ ምርቱ ቢያንስ 1.5 በመቶ ለዘርፉ ይመደባል ብሎ ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ለ2017 የመዘገበልን የምርምር ወጪ 0.27 በመቶ ነው። ስለዚህ ፊታችንን ወደ ለጋሽ እናዞራለን። ለጋሽ ደግሞ የሚያውቀው ኤች አይ ቪን፣ ቲቢንና ወባን ነው፤ አዛውንቱ ከሦስቱ አንዱን ይዘው ካልቀረቡ ሠንጠረዡ ውስጥ መቀመጫ የላቸውም። ብልህ ፕሮፖዛል ጸሐፊ ግን ምን ይቸገራል? «አረጋውያን» የሚለውን ቃል ከ«ሴቶችና ወጣቶች» አጠገብ ይሰካል፣ የአየር ንብረት ለውጥን ጣል ያደርግበታል፣ ይልካል።

አንዳንድ ነገር አበላሽ በሻይ ሰዓት ወንጂን ያነሳል። ወንጂ ለአዳማ ጎረቤት ናት፤ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. የስኳር ፋብሪካ የከፈተባት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው ፍሎራይድ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ የወንጂ ጉድጓዶች ከዚህ ብዙ እጥፍ ይዘው ተገኝተዋል። ፍሎራይድ ዓመታት ሙሉ አጥንት ውስጥ ሲጠራቀም አከርካሪው ይደርቃል፣ መገጣጠሚያው ይታሰራል፣ ያለቦታው ያደገው አጥንት ሕብለ ሰረሰርን ይጫናል። በ60 ዓመቱ ጡረታ የሚወጣው ሠራተኛ ጡረታው ሳይደርስ ጎብጦ ይጠብቀዋል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን ገና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ውሃውን እየለኩ፣ በሽተኛውን እየመረመሩ አጥንተው አሳትመውታል። ምን ያለ አድካሚ መንገድ ነው! የውሃ መለኪያና የራጅ ፊልም እኮ አበል አይበሉም፤ በእነሱ ላይ የወጣ ብር እዚያው ጥናቱ ላይ ቀልጦ ይቀራል።

ሰውን ያለዕድሜው የሚያስረጅ ውሃ፣ ለዚያውም ከአዳራሹ አፍንጫ ሥር፣ ለእርጅና ተመራማሪ ሎተሪ ነው ትሉ ይሆናል። አዳራሹ ግን የሚያቀርበው የታሸገ ውሃ ስለሆነ ጉዳዩ ለተሳታፊዎች በቂ ማስረጃ አልነበረውም። አወያዩም «ጥሩ አስተያየት ነው፣ በግብዓትነት ይያዝ» ብለው ወደ ምሳ አሰናብተዋል።

የእኛ አካሄድ ሌላም ጥቅም አለው። ሰነዱ እስኪጸድቅ ድረስ ናሙና የሚሆኑት አዛውንቶች ያለ አንዳች ወጪ በራሳቸው ጊዜ ያረጁልናል። ከመካከላቸው የሚሞት እንዳለ አይካድም፤ የጎደለውን ለመተካት የናሙና ማሻሻያ አውደ ጥናት ታቅዷል፣ ሆቴሉም ተይዟል።