የአያት ነፍስና የፕሮፌሰሩ ሱሪ፦ ጊዜን የሚያዛቡ የልብ ወለድ ዕቃዎች ጥናት

ጊዜን ስለሚያዛቡ የልብ ወለድ ዕቃዎች የተጻፈውን ያገላበጠ ሁሉ አንድ ነገር ያስተውላል፤ ሊቃውንቱ አያት ላይ ችክ ብለዋል። ክርክሩ የታወቀ ነው። አንድ ሰው ወደ ኋላ ተጉዞ ወንድ አያቱን ትዳር ሳይዙ ቢገድላቸው እሱ ራሱ አይወለድም፤ ካልተወለደ አይገድልም፤ ካልገደለ ይወለዳል፤ ከተወለደ ደግሞ ይገድላል። ፈረንሳዊው ሬኔ ባርዣቬል በ1943 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ለንባብ ባበቃው ልብ ወለድ ተጓዡ ያነጣጠረው ናፖሊዮን ላይ ነበር፤ የሞተው ግን የተጓዡ የገዛ ቅድመ አያት ነው። አያትየው ምን እንዳጠፉ የጠየቀ የለም። ጉዳዩ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ ደግሞ ነገሩ ከፊዚክሱ ይብሳል፤ የደም ካሳ ከፋዩም ተቀባዩም አንድ ሰው ነው፤ እሱም ገና አልተወለደም።

የፊዚክስ ሰዎች መላ አላጡም። ሩሲያዊው ኢጎር ኖቪኮቭ አንዴ የሆነ ነገር እንዳልሆነ ሊደረግ አይችልም አለ። በዚህ ሕግ መሠረት ሽጉጡ ይከሽፋል፤ ካልከሸፈም ገዳዩን እግሩ ያዳልጠዋል። ሕዋ በያለበት ሽጉጥ የሚያከሽፍ ሠራተኛ ቀጥሮ ይኖራል ማለት ነው፤ ደመወዙን ማን እንደሚከፍል አልተብራራም። አሜሪካዊው ጆሴፍ ፖልቺንስኪ በበኩሉ አያቱን አስወጥቶ በቦታቸው የቢሊያርድ ኳስ አስገባ። ኳሷ በጊዜ ቀዳዳ ገብታ ቀደም ብላ ትወጣና ራሷን ገጭታ እንዳትገባ ታደርጋለች። ለአያቶች ትልቅ እፎይታ ነበር።

የዚህ ጥናት አቋም ግልጽ ነው። አያቶች ከበቂ በላይ ጠበቃ አግኝተዋል፤ ጠበቃ ያጣው ሱሪ ነው።

ማስረጃው ከ1901 ጀምሮ በእጃችን አለ። ኤች ጂ ዌልስ በዚያ ዓመት ባወጣው አጭር ልብ ወለድ ፕሮፌሰር ጊበርን የሚባል ሰው ጠጪውን በብዙ ሺህ እጥፍ የሚያፈጥን መድኃኒት ይቀምማል። ከተራኪው ጋር ይጠጡና ፎክስቶን በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ለሽርሽር ይወጣሉ። ዓለም ደርቆ ቆሟል። ሙዚቀኞቹ እንደ ሐውልት ተገትረዋል፤ አንድ መንገደኛ ለሴቶች ሊጠቅስ የጨፈነው ዓይን ጭፍን እንዳለ ቀርቷል። ፕሮፌሰሩ የጎረቤት ውሻ ተሸክሞ ሲሮጥ ግን አየሩ በፍትጊያ ይግላል፤ የገዛ ሱሪውም ያርር ጀመር። ውሻው ተለብልቦ፣ ከነበረበት ማዶ፣ በአንዲት ወይዘሮ ጥላ ላይ ወረደ። ዌልስ ሱሪውን በማሰቡ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ከእሱ በኋላ ጊዜ ያስቆሙ ጀግኖች አብዛኞቹ ልብሳቸው እንደተተኮሰ ነው ወደ ቤት የሚገቡት።

ያም ሆኖ ዌልስ ያለፈው ብዙ ነገር አለ። ለሂሳቡ እንዲመች ፍጥነቱን ሺህ እጥፍ ብቻ እናድርገው። በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል የሚራመድ ሰው አሁን በሰከንድ 1,500 ሜትር ይሄዳል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የሚታየው ብርሃን ድግግሞሽ ለእሱ ለሺህ ይካፈልና ዓይን ከሚያየው ክልል ይወጣል፤ በምትኩ የሚገባው ራጅ ነው። ስለዚህ ጊዜ አቁሞ ባንክ ለመዝረፍ ያሰበ ሌባ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ይገባል፤ ባንኩ የራጅ ማሽን እንዳለው ቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል። ከዚህ የሚብሰው የመሬት ስበት ነው። ለእኛ በግማሽ ሰከንድ ገደማ ከአንድ ሜትር ከፍታ መሬት የሚደርስ ብርጭቆ ለእሱ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል። በራሱ አቆጣጠር በሰከንድ አንድ ሜትር ብቻ ወደ ላይ ነጠር ቢል፣ አየሩ ባይዘው፣ 50 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ሱሪው በዚያ ከፍታ ምን እንደሚሆን ለመገመት ጥናት አያስፈልግም።

ጊዜን ጨርሶ የሚያቆሙትን ሰዓቶች በዝርዝር ማየት ድካም ነው። ብርሃኑም ቆሟል፤ አየሩም ግድግዳ ሆኗል፤ ባለሰዓቱ ዕውር ሆኖ ባለበት ይታፈናል።

የ1985ቱ ባክ ቱ ዘ ፊውቸር ፊልም ላይ ያለችው ደሎሪያን መኪና የአድራሻ ችግር አለባት። በሰዓት 88 ማይል፣ ማለትም 142 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትበር ጊዜ ትዘላለች። የመጀመሪያው መንገደኛ አንስታይን የተባለ ውሻ ነው (የዘርፉ ውሾች ዕድል አሳዛኝ ነው)፤ አንድ ደቂቃ ወደፊት ተልኮ እዚያው የመኪና ማቆሚያ ላይ ብቅ አለ። በዚያች ደቂቃ ግን መሬት በፀሐይ ዙሪያ 1,800 ኪሎ ሜትር ሄዳለች። ውሻው ትክክለኛ ሰዓት ላይ፣ ባዶ ሕዋ ውስጥ መገኘት ነበረበት። መኪናዋ 1.21 ጊጋ ዋት ትጠይቃለች፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ግን አልተነገረም። ለአንድ ሰከንድ ከሆነ 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ አራት ቀን ሳይጠፋ ቢጣድ የሚበላው ነው፤ የመኪናዋ ፈልሳፊ ዶክተር ብራውን እንደዚያ ፀጉሩን መንጨት አልነበረበትም። በተረፈ የመኪናዋ አቆጣጠር ጳጉሜን አያውቅም። በሩፋኤል ዕለት የተወለደ ሰው ልደቱን ሊጎበኝ ከፈለገ ሴፕቴምበር 8 ብሎ መንዝሮ ማስገባት ግዴታው ነው።

በሃሪ ፖተር ሦስተኛ መጽሐፍ (1999) ሄርማዮኒ ጊዜ መላሿን ትንሽ የአሸዋ ሰዓት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ተደራራቢ ክፍለ ጊዜዎችን ትማርበታለች። ዕቃውን መጀመሪያ የተጠቀመችበት ለትምህርት በመሆኑ ጥናቱ ያመሰግናታል። የደገመችው ሰዓት ሁሉ ግን ዕድሜዋ ላይ ይታሰባል። ደራሲዋ ጣጣው ሳይገባት አልቀረም፤ በአምስተኛው መጽሐፍ የአስማት ሚኒስቴሩን የጊዜ መላሽ ክምችት አንድ ሳታስቀር አሰባብራዋለች።

ልብ ወለድ ያልሆነው ሙከራ የተካሄደው በ1971 ነው። ጆሴፍ ሃፈልና ሪቻርድ ኪቲንግ የአቶሚክ ሰዓቶችን በተራ የመንገደኛ አውሮፕላን ይዘው ምድርን ዞሩ። ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ሰዓቶቹ መሬት ከቀሩት 59 ናኖ ሰከንድ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ወደ ምዕራብ ሲበሩ 273 ናኖ ሰከንድ ቀደሙ። ስለዚህ አንዲት ሰከንድ ወደፊት መዝለል የሚሻ ሰው ወደ ምሥራቅ 17 ሚሊዮን ጊዜ ያህል መዞር አለበት። አንዱን ዙር በሁለት ቀን ቢጨርስ ከ90 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ በስህተት ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን የተሳፈረ ደግሞ ከቤተሰቡ ቀድሞ ያረጃል፤ የቲኬቱንም ገንዘብ አያስመልስም።