ስምንት ወጡ፣ ስምንት ወረዱ፦ የሐበሻ ቤተሰብ በመዝናኛ ፓርክ

ይህ ጥናት በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ ወደ ኪንግስ ዶሚኒየን የሚያደርገውን የአንድ ቀን ጉዞ ይመረምራል። ፓርኩ ከሪችመንድ በስተሰሜን፣ ዶስዌል በተባለች የቨርጂኒያ መንደር፣ ከናይንቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና ዳር የሚገኝ ሲሆን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። መግቢያው ፊት ለፊት የፓሪሱን አይፍል ማማ ሲሶ የሚያህል ማማ ቆሟል። ስለ መዝናኛ ፓርክ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ ዓይናቸው ከማሽኖቹ አልነቀል ብሎ ወንበሮቹን ረስተዋቸዋል። አጥኚው ይህን ክፍተት ለመሙላት ተነሥቷል።

በመጀመሪያ፣ ጉዞው መቼ ይደረጋል? የአየር ጠባይ የሚወስነው ይመስላል፤ ግን የሚወስኑት አጽዋማት ናቸው። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። በመካከሉ ያለው 26 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾም፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላው ቀን ደግሞ የባልና የሚስት ፈረቃ አይገጥምም። የሚተርፈው ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቅዳሜ ሲሆን ከዚያም አንዱን ሰርግ፣ አንዱን የሰው ልጅ ልደት ይወስደዋል። እናም በሐምሌ ማለቂያ አንድ ቅዳሜ የፓርኩ መኪና ማቆሚያ የበርበሬ ሽታ ቢሸት ምክንያቱ ድብቅ አይደለም።

ስለ መነሻ ሰዓት ብዙ ማለት አያስፈልግም። «እየወጣን ነው» የሚል መልእክት የደረሰው ቤተሰብ ገና ቁምጣ እየተኮሰ ስለነበር በላኪዎቹ መዘግየት አልተቀየመም።

ወደ ማሽኖቹ እንለፍ። በአሜሪካ ስሙ የገነነው የመጀመሪያው ሮለር ኮስተር እ.ኤ.አ. በ1884 ላማርከስ ቶምፕሰን ኒው ዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ የሠራው ነው። ዋጋው 5 ሳንቲም፣ ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ያረፈደ ሰው በሩጫ ይደርስበታል። የዛሬዎቹ እንዲህ አይደሉም። ኪንግስ ዶሚኒየን እ.ኤ.አ. በ2010 ኢንቲሚዴተር 305 በሚል ስም የከፈተው ባቡር ከፍታው 305 ጫማ፣ ማለትም 93 ሜትር ሲሆን፣ ቁልቁል ሲወርድ በሰዓት 145 ኪሎ ሜትር ይበርራል። በመጀመሪያው ዓመት ከቁልቁለቱ ቀጥሎ ያለው መታጠፊያ የተሳፋሪውን ደም ከራሱ ወደ እግሩ እያወረደ ዓይኑን ስላጨለመበት፣ ሐዲዱ ኋላ ተስተካክሏል። እንዲህ ያለው ባቡር የራሱ ሞተር የለውም። አንዴ ወደ ላይ ተጎትቶ ይለቀቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚሮጠው በተሰጠው ከፍታ ብቻ ነው። በዚህ ጉዞ የጎታቹ ገመድ ቦታ የያዘችው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ ፍርፍር ስትፈረፍር፣ ድፎ ስትቆርስ፣ ቡና በፔርሙስ ስትሞላ ያነጋችው እናት ናት። እሷ ራሷ ምንም ላይ አትሳፈርም። «ወገቤን» ትላለች።

ለዚህ ባቡር ቁመት ግዴታ ነው፤ 54 ኢንች፣ ወደ 137 ሳንቲ ሜትር። በናሙናው ውስጥ አንድ ጣት ያህል የጎደለው ልጅ ተገኝቷል። እናቱ ከወረፋው ኋላ አፍሮውን በሚዶ ሽቅብ አበጠረችው፤ አባቱ ናፕኪን አራት አጥፎ ጫማው ውስጥ ወተፈ። ለኪዋ ሠራተኛ፣ ራሷም ገና ተማሪ የምትመስል ልጅ፣ የመለኪያውን ዱላ አፍሮው ላይ አሳርፋ በቀስታ ተጫነችው። አፍሮው እሺ አለ። አባትየው ልጁ ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ተለክቶ ከዚህ በላይ እንደነበር አስረዳ። ልጁ በእንግሊዝኛ አባቱን አስተባበለ።

አሁን ወደ ወንበሩ። ከባቡሩ መውጫ ትይዩ፣ ጥላ ያለበት አግዳሚ ላይ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ አያት ተቀምጠዋል። በዙሪያቸው ሰባት ቦርሳ፣ አምስት ስልክ፣ አንድ ጋሪና በውስጡ የተኛ የሰው ልጅ አለ። የልጁ እናት የጓደኛ ጓደኛ ናት፤ አያት ስሟን አያውቁም፣ ልጁን ግን በነጠላ ሸፍነውታል። የፓርኩ የዕቃ ሳጥን በኪራይ ነው፤ አያት በነፃ ናቸው፤ ደግሞም ይመርቃሉ።

አያት ሥራቸው ጥበቃ ብቻ አልነበረም። ወደ ባቡሩ የሚገቡትን በጣታቸው አንጓ ይቆጥራሉ፣ ጩኸቱ ሲሰማ ያማትባሉ፣ የሚወጡትን ደግመው ይቆጥራሉ። አጥኚው ያገኘው ጠንካራ የመስክ መረጃ የእሳቸው ነው፦ «ስምንት ወጡ፣ ስምንት ወረዱ፤ ተመስገን።» የመረጃው አስተማማኝነት የተፈተነው፣ አንዱ አባት ድፍረት አጥቶ ከወረፋው በጎን ሾልኮ በቀረ ጊዜ ነው። አያት ሰባት ብቻ ሲወርዱ ቆጥረው ብድግ አሉ። ሰውየው ከሎሚናት መሸጫው ኋላ እስኪገኝ ድረስ ምርምሩ ተቋርጧል።

ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ምሳ የተበላው መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በተከፈተ የመኪና የኋላ በር ጥላ ሥር ነው። መላው ጉዞ ለዚህ ሰዓት የተዘጋጀ መሆኑን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ፦ ማሽን ላይ «ደከመኝ» ያሉት ሁሉ እዚህ በረቱ፤ «ልጆቹ ይመለሱ እንጂ» ያለውን ደግሞ የሰማው የለም። ጉርሻው ከመኪና ወደ መኪና ተሻግሮ ጎናቸው ያቆመ አንድ አሜሪካዊ ዘንድ ደረሰ። ሰውየው በጨዋነት በእጁ ሊቀበል ሞከረ፤ አልተፈቀደለትም። የሂሳብ ግብግቡም የተነሣው እዚሁ ነው። ትኬቱን አንዱ በካርዱ ስለገዛ ሌሎቹ የሚታገሉት ኪስ አጡ፤ ድርሻቸውን በስልካቸው በዜል ላኩ። እሱም ወዲያው መልሶ ላከ። ገንዘቡ ናይንቲ ፋይቭን ወደ ሰሜን እስኪጨርሱ ድረስ በስልኮቻቸው መካከል ሲመላለስ ነበር።

ስንብቱ ከምሳው ረዝሟል። በጨለማው ውስጥ ኩለሮች ተቀያየሩ፤ የአንዷ ሰማያዊ ሳህን ከሌላዋ ቤት ገባ። ሳህን ባዶውን ስለማይመለስ ከሁለት ሳምንት በኋላ የጾም ሳምቡሳ ተሞልቶ መጣ፤ የተቀበለችውም ባዶ እጇን ልትቀር አልቻለችምና ሌላ ሳህን ሞልታ ላከች። ልውውጡ ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ዕለት ቀጥሏል። የሰማያዊው ሳህን ክዳን ግን አልተገኘም።