በእኛ ነው በፈረንጅ?

የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ የተከፈተው ለአንድ ሠርግ መዋጮ ነበር። ሠርጉ አልፎ ሙሽሮቹ ሁለት ልጅ ወልደዋል፤ መዋጮውን ያልከፈሉትም እስከ ዛሬ አልከፈሉም፤ ግሩፑ ግን አለ። ስልሳ ሦስት ነን። ጠዋት ጠዋት በጽጌረዳ ያጌጠ «እንዴት አደራችሁ» ይደርሰናል፤ ቀን ቀን የሚከራይ ቤት ይፈለጋል፤ ማታ ማታ ደግሞ ጋሼ ያስፈራሩናል።

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቤተሰቡ የአደጋ መከላከል ኃላፊ ሆነዋል። ሹመቱን የሰጣቸው የለም፤ በየወሩ የኢንተርኔት ጥቅል የምሞላላቸው ግን እኔ ስለሆንኩ ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም። በቀደም የላኩት መልእክት እንዲህ ይላል፦ ዛሬ ማታ ከ12፡30 እስከ 3፡30 ኮስሚክ የተባለ ኃይለኛ ጨረር በምድራችን አጠገብ ያልፋል፤ ስልካችሁን አጥፉ፤ ከሰውነታችሁም አርቁ፤ ካላመናችሁ ናሳንና ቢቢሲን ተመልከቱ፤ ለምትወዱት ሁሉ ላኩ።

ወሬው ሽማግሌ ነው፤ ቋንቋ እየቀየረ ዓለምን ሲዞር ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። «ዛሬ ማታ» የሚላት ቃል ግን አንድም ቀን አታረጅም። ምስክሮቹም ያው ናቸው። በድሮ ሙግት ምስክር የተጠራ ሰው ቀርቦ፣ ምሎ፣ ተጠይቆ ነበር የሚታመነው። የዛሬ ምስክር ስሙ መጠራቱ ብቻ ይበቃል። ከስልሳ ሦስታችን ናሳን «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ያየ አንድ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው መልስ «አቤቱ ማረን» ነበር። ሁለተኛው ሦስት የጸሎት እጆች። በሦስተኛው መልስ የአክስቴ ልጅ የሁላችንንም ጭንቀት በአንድ መስመር ጠቀለለችው፦ «በእኛ ነው በፈረንጅ?»

ከዚያ ወዲያ የተነሳውን ክርክር እንኳን ግሩፕ ሸንጎም አይችለው። በእኛ ከሆነ 12፡30 ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው፤ እራትም ድራማም እዚያው መሃል ይገባሉ። በፈረንጅ ከሆነ ከሌሊቱ 6፡30 እስከ 9፡30 ነው። ድራማ ወዳዱ ወገን «በፈረንጅ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ሌሊቱን ስልክ ሲጎረጉር የሚያድረው ወጣት ደግሞ «በእኛ ነው» አለ። ሁሉም ጨረሩን የሰጠው ለሌላው ሰዓት ነው። ዱባይ ያለው ወንድማችን በአንድ ሰዓት ስለሚቀድመን፣ ጨረሩ እሱ ጋ ሲደርስ አይቶ እንዲነግረን አደራ ተጣለበት። ቨርጂኒያ ያለችው እህታችን «እኔስ?» አለች፤ እሷ ጋ ሌሊቱ 12፡30 ሲል እኛ ጋ ነግቶ ቁርስ ቀርቧል። በመጨረሻ ጋሼ ፈረዱ፦ «ለጥንቃቄ ሁለቱንም!» በ3፡30 እና በ6፡30 መካከል ያሉት ሦስት ሰዓታት ለመተንፈሻ ተፈቀዱልን።

ብቀልድም የአክስቴ ልጅ ጥያቄ የሞኝ አይደለችም። ዓመቱን በአሥራ ሦስት ወር፣ ቀኑን ከንጋት ጀምረን የምንቆጥር ሰዎች ይህን ሳንጠይቅ ብንቀር አውሮፕላን ያመልጠናል። አንድ ቁጥር ሲነገር በምን እንደተቆጠረ መጠየቅ የሳይንስ ሀሁ ነው። እንዲያውም ጥያቄዋን አንድ እርምጃ ብንገፋት ወሬው እዚያው ይሞት ነበር፦ ከሕዋ የሚመጣ ጨረር የማንን የግድግዳ ሰዓት አይቶ ነው አዲስ አበባም፣ ዱባይም፣ ቨርጂኒያም እኩል 12፡30 ላይ የሚደርሰው? እኛ ግን ደጁ ድረስ ሄደን ሳናንኳኳ ተመለስን።

እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ረጅም ጽሑፍ ጻፍኩ። ቪክቶር ሄስ ስለሚባል ኦስትሪያዊ ነገርኳቸው። በሱ ዘመን አየሩ ውስጥ የሚለካው ጨረር ከመሬት፣ ከድንጋዩ የሚወጣ ነው ይባል ነበር። እንዲያ ከሆነ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር መድከም አለበት። ሰውየው ለወዳጆቹ አላስተላለፈም፤ መሣሪያውን ይዞ ፊኛ ላይ ወጣ። ያውም ደጋግሞ። አንዴ የፀሐይ ግርዶሽ ባለበት ቀን ወጣ፤ ጨረሩ ከፀሐይ ከሆነ በግርዶሹ ሰዓት መቀነሱ አይቀርምና። አልቀነሰም። ከዚያ ነሐሴ 1 ቀን 1904 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ኦገስት 7 ቀን 1912 (በማን ነው እንዳትሉኝ ሁለቱንም ጻፍኩ)፣ እዚህ አጤ ምኒልክ አልጋ ላይ በዋሉበት ዘመን፣ ፍልሰታ በገባ ዕለት፣ 5,300 ሜትር ገደማ ወጣ፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ በላይ። ጨረሩ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ሲጨምር አገኘው። የሚመጣው ከላይ ነበር። በ1936 በፈረንጅ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ስለዚህ፣ አልኳቸው፣ ጨረሩ ዛሬ ማታ አይደለም የሚመጣው፤ ከአዳም ጀምሮ እየዘነበ ነው። መዳፋችሁን ዘርጉ፤ ከሱ የተወለደ ሙዮን የሚባል ቅንጣት በሰከንድ አንድ ያህል በመዳፋችሁ ያልፋል፤ ስልክ ያዛችሁም አልያዛችሁም። እኛ አዲስ አበቤዎችማ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምንኖር ከባሕር ዳርቻ ሰው የበለጠ ይደርሰናል።

ደግሞም ጨረሩ ባለውለታችን ነው። ሰማይ ላይ ከአየሩ ናይትሮጅን ጋር ሲጋጭ ካርቦን 14 የሚባለውን ይሠራል። ሣሩ ከአየሩ ይወስደዋል፣ ፍየሏ ሣሩን ትበላለች፣ ፍየሏ ስትታረድ መቀበሉ ያበቃና ያለው መጉደል ይጀምራል፤ በ5,730 ዓመት እኩሌታው ያልቃል። ቆዳዋ ብራና ሆኖ ቢቀመጥ የቀረውን ለክቶ ዕድሜውን ማወቅ ይቻላል። አድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌሎች ምሁራን ለረጅም ጊዜ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ያደርጓቸው ነበር። ቁራጭ ብራና ኦክስፎርድ ሄዶ ሲለካ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ ወደቀ። በትውፊቱ አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፈው ሲጨርሱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆማ ጠብቃቸዋለች። እሷም «በእኛ ነው በፈረንጅ?» አላለችም። የፀሐይዋን ነገር መሣሪያ አይለካውም፤ በብራናው ዕድሜ ግን ነገሩ ከምሁራኑ ይልቅ ወደ መነኮሳቱ አደላ።

ይህን ሁሉ ጽፌ ላክኩ። አንዱ «ተባረክ» አለኝ። ሌላዋ «በአጭሩ?» አለች። ጋሼ ግን በጥሞና አንብበውት ኖሮ ጠየቁኝ፦ «ሰውየው ፊኛው ላይ ሲወጣ ስልኩን አጥፍቶ ነበር?»

መልስ ሳሰላስል የእትዬ ድምፅ ገባ። እትዬ የጋሼ ታላቅ ናቸው፤ አይጽፉም፣ በድምፅ ብቻ ነው የሚልኩት። ከኋላ የቡና ሙቀጫ ይሰማል። «አንተ፣ ይኼ ወሬ አምና ጥምቀት ሰሞን መጥቶ አልነበር? ያኔ የእኔ ጥቅል አልቆ መልእክቱ ሳይደርሰኝ ቀረ። ስልኬ በርቶ ራስጌዬ አደረ። ይኸው አለሁ። አንተ ግን አጥፍተህ ነበር። ወገብህን የያዘህ ያኔ አይደለም?»

ግሩፑ ጸጥ አለ። ሁለት ሰው፣ አንዱ ያጠፋ፣ አንዱ ያላጠፋ፣ አንድ ዓመት ክትትል፣ ውጤቱም ከነወገቡ። ለሳይንስ ሁለት ሰው እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ከስልሳ ሦስታችን ግን ያለፈውን ከዛሬው ጋር ያስተያዩ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጋሼ ከብዙ ዝምታ በኋላ «ወገቤ የጠፋውን ስልክ በጨለማ ስፈልግ ተደናቅፌ ነው» ብለው ጻፉ። ሙግቱን ይረቱበታል ብለው ነው መሰል።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ በ7 ሰዓት፣ በእኛ፣ ስልኬን ከፈትኩ። ከግሩፑ ስም ሥር ሃያ አንድ ሰው መስመር ላይ እንዳለ ይታያል። ሁሉም ሌላው ማጥፋት አለማጥፋቱን ሊያይ የገባ ነው። እትዬ የሉም፤ ስልካቸውን አብርተው ከራስጌያቸው አድርገው ተኝተዋል። ትንሽ ቆይቶ ከላይ «ጋሼ እየጻፉ ነው» የሚል መጣ። እሱም ጠፍቶ መልእክቱ ገባ፦

«እስካሁን ያላጠፋችሁ፣ አጥፉ!»