ከ1 ሜትር ከ80 በታች

እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ ተብለን ነው ያደግነው። እሺ ብዬ ዘረጋሁ። ስለ ራስ ግን የመከረኝ ሰው የለም። ይኸው ፓሪስ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ግንባሬ ላይ ሦስት እብጠት አብቅያለሁ፤ ሁለቱ የጠዋት ናቸው፣ አንዱ የሌሊት።

ለ7 ወር ሥልጠና ነው የመጣሁት። የተከራየኋት ክፍል 17ኛው ወረዳ፣ 6ኛ ፎቅ፣ ጣሪያ ሥር ናት። ጣሪያው ከበሩ ጀምሮ ወደ መስኮቱ ያዘቀዝቃል፤ አልጋው ሌላ መግቢያ ስላጣ ካዘቀዘቀው በኩል ተወሽቋል። ልክ በትራሴ አናት አንድ ወፍራም የእንጨት አግዳሚ ወጣ ብሏል። ጠዋት ስልኩ ሲጮህ ብድግ፤ ጓ! «በስመአብ» የምለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ብገለብጠው ሳይሻል አይቀርም።

እናቴ ስትደውል መጀመሪያ የጠየቀችኝ አዲስ አበባ ሁሉ የሚጠይቀውን ነው።

«ስንት ካሬ ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠና? ለአንድ ሰው መች አነሰ!»

«ዘጠኝ ነው ያልኩሽ፣ እማዬ።»

ዝም አለች። ቆይታ፣ «ግቢውን ሳይጨምር?»

ዘጠኝ እንዲሁ የመጣ ቁጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የፈረንሳይ ደንብ፣ የሚከራይ ቤት ዋና ክፍሉ ቢያንስ 9 ካሬ ስፋትና 2 ሜትር ከ20 ከፍታ፣ ይህ ካልሆነም 20 ሜትር ኩብ ይዘት ይኑረው ይላል። አየሩን ሳይቀር ለክተውልኛል ማለት ነው። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የአየር ድርሻዬን ማስላት ጀመርኩ፤ ፍሪጁን ቀነስኩ፣ ሻንጣዬን ቀነስኩ፣ ሽሮና በርበሬው ላይ ስደርስ ተውኩት።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ስፋት ሲለካ፣ ከፍታው ከ1 ሜትር ከ80 በታች የሆነ ቦታ አይቆጠርም። ምድጃዋ፣ መታጠቢያዋ፣ በሩ ጋ ያለችው መቆሚያ ተደምረው 9 ካሬ ናቸው። አልጋዬ ያለበት ቦታ ግን የለም። ቤት ተከራይቼ የማድረው ውጭ ነው። አግዳሚውም የሌለ ቦታ ላይ ያለ እንጨት ስለሆነ፣ በሕግ ዓይን የመታኝ ነገር የለም። እኔ ራሴ ስለካ 1 ሜትር ከ78 ነኝ፤ ለካስ እኔም ከማይቆጠሩት ወገን ነኝ።

ጣሪያውን የሠሩትን ሰዎች እንዳልራገም ደግሞ አፌን የሚያስይዝ ነገር ገጠመኝ። የፓሪስ የዚንክ ጣሪያ ሠሪዎች ሙያ እ.ኤ.አ. በ2024 የዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ በ2019 የእኛ ጥምቀት የገባበት መዝገብ ላይ። ዚንክ ቢሉትም ያው ቆርቆሮ ነው፤ ግን ከጥምቀት ጋር የተመዘገበን ቆርቆሮ ማን ደፍሮ ይራገማል? መዝገቡ «የማይዳሰስ ቅርስ» ይባላል። እኔ በየጠዋቱ በግንባሬ እዳስሰዋለሁ።

ሕንፃው ሊፍት አለው። 5ኛ ፎቅ ሲደርስ ያበቃል። ወደ 6ኛው የሚወጣው በጓሮ በኩል፣ በጠመዝማዛ ደረጃ ነው፤ 118 ደረጃ። ዳቦ ረስቼ ከተመለስኩ ሌላ 118። ኦስማን የተባለው ሹም እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1870 ፓሪስን እያፈረሰ ሲያሠራ፣ ጌቶች ከታች፣ የቤት ሠራተኞች ጣሪያ ሥር የሚያድሩበት ሕንፃ የከተማዋ መልክ ሆነ። የእኔም ክፍል እስከ ዛሬ ስሟ «የሠራተኛ ክፍል» ነው። ደረጃውም «የሰርቪስ ደረጃ» ነው የሚባለው። ሰርቪስ!

እዚህ ላይ እውነተኛ ንዴት ያዘኝ። አከራዬ 5ኛ ፎቅ የሚኖሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ግንባሬን አይተው «ትለምደዋለህ» አሉኝ። ምኑን ነው የምለምደው? ከመቶ ዓመት በፊት ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ የሰው ምድጃ የምታቀጣጥል ልጅ እዚህ ተኝታ ነበር፤ እሷም ለምዳው ይሆናላ! ክፋት እንኳ አይደለም። እንጨቱን የለካ አለ፣ ቆርቆሮውን የለካ አለ፤ የምትተኛዋን ሰው ቁመት የለካ የለም። ለእናቴ ይህን ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ በስልክ አወረድኩት።

ሰምታ ሰምታ፣ «የእቴቴ ሰርቪስስ?» አለች።

እቴቴ ልጅ ሳለሁ ያሳደገችኝ ሠራተኛችን ናት። ከጓሮ የምታድርባት ሰርቪስ በሯ ጎንበስ ተብሎ ነበር የሚገባው። ለኳስ መደበቂያ እገባባት ነበር፤ ለእኔ ቁመት ልክ ነበረች። ስንት ካሬ እንደሆነች አላውቅም። የቤታችን ካርታ ላይ ያለችም አይመስለኝም።

ኔትወርኩ ተቆራረጠ አልኳት። አልተቆራረጠም።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ሰው አግኝታ ጋቢ ላከችልኝ። አራት አጥፌ በሻንጣ ገመድ አግዳሚው ላይ አሰርኩት። «ትለብሰዋለህ ግን?» ስትለኝ «ከራሴ አይለይም» አልኳት፤ አልዋሸሁም። አሁን የቸገረኝ ጥለቱ ነው። ወደ እኔ ዞሮ ጠዋት ጠዋት ፊቴ ላይ ይመጣል፤ ነጠላ ቢሆን ጥለቱ ወደ ፊት ሲሆን ለቅሶ ነው። ለጋቢ ይሥራ አይሥራ እናቴን መጠየቅ አለብኝ። ያን ከጠየቅኩ ግን ጋቢው የት እንዳለ መናገሬ ነው።