ዳንቴሉና ግንባር የሌላቸው ሰዎች

በእኛ ቤት በዓል ሲመጣ ቤቱን የሚያሳምሩት በሕይወት የሌሉ ሰዎች ናቸው። ወንበር ላይ የምንወጣው፣ ምስማር የምንመታው፣ ቄጠማ የምንጎዘጉዘው እኛ ነን፤ ትእዛዙ ግን ከእነሱ ነው የሚመጣው። በሕይወት ሳሉ “ተዪ እንጂ አክስቴ፣ ይኼማ አያምርም” ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። ከሞቱ ወዲህ አንድም ክርክር ረትተናቸው አናውቅም።

የአክስቴን ዳንቴል እንውሰድ። ነፍሷን ይማርና አክስቴ ጠፍጣፋ ነገር ካየች እጇ አያርፍም ነበር። ለሶፋው፣ ለራዲዮው፣ ለብፌው፣ ለስልኩ፣ ከሁሉም በላይ ለቴሌቪዥኑ በኪሮሽ ሠርታለታለች። የቴሌቪዥኑ ነጭ ነው፤ ዳር ዳሩን ጽጌረዳ ዞሮታል፤ ግራና ቀኝ ጥጉ ላይ አንድ አንድ እርግብ አለ። የግራዋ እርግብ ላይ ክር ስላለቀ ምንቃር ሳይሠራላት ቀርቷል። ያኔ ቴሌቪዥን ጀርባ ነበረው። ዳንቴሉ አናቱ ላይ ይዘረጋል፣ የፕላስቲክ አበባ ይቀመጥበታል፣ ይከበራል። የዛሬው ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ውፍረቱ ጣት አያክልም፤ ዳንቴል የት ይረፍ? እናቴ መላ አላጣችም። ከላይ በፕላስተር አስይዛ ወደ ፊት ለቀቀችው። ስለዚህ በበዓል ቀን እኛ ቤት ቴሌቪዥን ላይ የሚቀርብ ሰው ሁሉ ግንባር የለውም። ዘፋኙ ከቅንድቡ በታች ይዘፍናል፤ ዜና አንባቢው ከጽጌረዳ ሥር ሆኖ እንኳን አደረሳችሁ ይለናል። ኳስ ሲሆን ደግሞ ውጤቱ የሚጻፍበት ጥግ ምንቃር ከሌላት እርግብ ሥር ገብቶ ይቀራል። አንድ ገና የአጎቴ ልጅ ዳንቴሉን በጣቱ ገለጥ ሊያደርግ ሲል እናቴ፣ “ተው! ሟች ታዝንብሃለች!” አለችው። ልጁ እጁን ሰብስቦ ውጤቱን ጎረቤት ሄዶ ጠየቀ።

የአባቴ ርስት መብራቱ ነው። ከመርካቶ የገዛው፣ እየበራ እየጠፋ የሚያዜም የገና ዛፍ መብራት። የዚያ ዓይነቱ መብራት ጠባይ ይታወቃል፤ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ አምፖል ወጥቶ ወደሚቀጥለው ስለሚገባ አንዷ ትንሽ አምፖል ከተቃጠለች ረድፉ በሙሉ ይጨልማል። አባቴ ሒሳብ ሹም ነበርና ይኼን እንደ ገንዘብ ጉድለት ነበር የሚያየው። መነጽሩን አድርጎ፣ ደህናዋን አምፖል በእጁ ይዞ፣ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ አንድ በአንድ እየነቀለ ይመረምራል። ጎደሎዋ ሳትገኝ የገና ዋዜማ ራት አይቀርብም። አሁን አምፖሎቹ ሁሉ አልቀዋል፤ መለዋወጫም የለም። ዜማ የምታሰማዋ ሳጥን ግን አልሞተችም። እናቴም መብራቱን ሰቅላ ሶኬት ትሰካለች፤ ምንም አይበራም፣ ዜማው ብቻ ይንጫረራል። በዓል ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ ሁሉ ኪሱን እየዳበሰ ስልኩን ይፈልጋል። “የጋሼ መብራት ነው፣ ተጫወት” እንለዋለን።

ዛፉ ራሱ ድሮ የጽድ ቅርንጫፍ ነበር። አሸዋ በተሞላ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ይተከላል፤ ቆርቆሮው እንዳይታይ ስጦታ መጠቅለያ ይለብሳል፤ ቅጠሉ ላይ ጥጥ ጣል ጣል ይደረግበታል። ጥጡ በረዶ መሆኑ ነው። ታኅሣሥ 29፣ በጋ፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ አናት ሊበሳ በተቃረበበት ሰዓት! ማናችንም ግን ይኼን ጠይቀን አናውቅም ነበር፤ አያቴ ከደብረ ብርሃን እስክትመጣ። አያቴ ውርጭን ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት ነበረች። ዛፉን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ “ምነው፣ ቅጠሉ በረደው?” አለች። ከዚያ በኋላ ያንን የመሰለ ንጹሕ ጥጥ ዛፍ ላይ ሲባክን እያየች እንቅልፍ አልወሰዳትም። እኛ ስንተኛ ከታችኛው ቅርንጫፍ ጀምራ ትለቅማለች፣ ታባዝታለች፣ እንዝርቷን ታሾራለች። ጥምቀት ሲደርስ ከዛፉ ወገብ በታች አንድ ፍሬ በረዶ አልነበረም፤ አያቴ ቅርጫት ውስጥ ግን ልቃቂት ነበረ። እናቴ ዛሬ ለገና የምትለብሰው ነጠላ ማጉ የዚያን ዓመት በረዶ ነው። እስከ ዛሬ ዛፉ ላይ ጥጥ የምናደርገው እስከ ወገቡ ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው አያቴ እጇ የማይደርስበት ነው፣ ከታች ያለው የእሷ ድርሻ ነው።

ስለ አያቴ ካነሳሁ አይቀር፣ የእሷ ቤት ጌጥ ጋዜጣ ነበር። በዓል ሲቃረብ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ በዱቄት ሙጫ አዲስ ዘመን ይለጠፋል፣ ባለፈው ዓመት አዲስ ዘመን ላይ። አያቴ ፊደል ስላልቆጠረች ፎቶ የሌለው ገጽ እንደ ዕድሉ ነው፤ አንዳንዱ ተዘቅዝቆ፣ አንዳንዱ ተጋድሞ። እኔ ክረምቱን እዚያ ሳሳልፍ አንገቴን አጋድሜ ማንበብ ለምጄ የተመለስኩት በዚህ ነው። ፎቶ ያለበትን ግን አትስትም። በደርግ ዘመን የሊቀመንበሩን ፎቶ ዘቅዝቆ መለጠፍ የቤት ማስጌጥ ጉዳይ ብቻ አልነበረምና።

ወንድሜ ደህና አለ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ግድግዳችን ላይ ግን ከሟቾቹ እኩል መብት አለው። ልጅ ሳለ ለእንቁጣጣሽ የሣለው መልአክ አለ፤ ደርግ በወደቀ ማግስት፣ ውሃ ቀለም በምራቅ ያቀጠነበት። መልአኩ ቀኝ እጁ ላይ ስድስት ጣት አለው። ከሥሩ “እንኳን ለ1984 ዓ.ም. አደረሰዎ” ይላል። እናቴ በየዓመቱ መስከረም 1 ከአደይ አበባው ጋር በር ላይ ትሰቅለዋለች፤ ዓመተ ምሕረቱን ማስተካከል አይፈቀድም። አንድ እንግዳ በሩ ላይ ቆሞ አነበበና፣ “እናንተ ቤት ሥጋውም በ1984 ዋጋ ነው?” አለ።

ወንድሜ ታዲያ እዚያ ሆኖ ጌጥ የሚገዛው ፈረንጆቹ ገናቸውን አክብረው ባበቁ ማግስት፣ ዋጋው ሲወድቅ ነው። እስከ እኛ ገና 12 ቀን አለው። ከቀን መቁጠሪያችን በገንዘብ የተጠቀመ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ቄጠማ ስለማያገኝ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር ያነጥፋል፤ እናቴ በቪዲዮ አየችውና፣ “ጥሩ ነው ልጄ፣ ግን አይሸትም” ብላ በትልቁ ተነፈሰች።

ዘንድሮ ያሰጋን ሌላ ነገር ነው፤ እናቴ ከአሁኑ ቦታ መያዝ ጀምራለች። ያ ከድሮው ቴሌቪዥን ላይ የወረደው የፕላስቲክ አበባ ቀለሙ ለቆ ቀዩ ግራጫ ሆኗል። እኔና ወንድሜ ልናስወግደው በስልክ ተማክረን ነበር። እሷ ግን የሰማች ይመስል፣ “እኔ ከሞትኩ በኋላ ይቺን አበባ ከብፌው ላይ እንዳታነሷት” አለች።

“እማዬ፣ ግድየለሽም አዲስ እልክልሻለሁ” አለ ወንድሜ በስልክ።

“አትላክ፤ መጥተህ ራስህ ቀይራት።”

ዝም አለ። እኔም ክርክሩን እሷ በሕይወት እያለች ብጨርሰው ይሻላል ብዬ፣ “ቢያንስ አሁን ትታጠብ” አልኩ። ተስማማች፤ ግን በላርጎ ሳይሆን በለብ ያለ ውሃ ብቻ፣ ቅጠል በቅጠል፣ ሽቦው እንዳይዝግ እያደረቅሁ። የቀረውን ቀለም ካስለቀቅሁት ወዮልኝ።