ባለ 35 ጌጅ

ጠብታዋ ትንሽ ናት። ትልቅ ብትሆን ኖሮ ወግ ይደርሳት ነበር፤ ብድር ይፈለግላታል፣ ዘመድ ይመክርባታል፣ በቤት ለቤት ጸሎት ላይም ትነሣለች። ይህቺ ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ከሳሎኑ ኮርኒስ፣ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል፣ ጠብ የምትል ነጠላ ጠብታ ናት። ሳፋ ሲያኖሩላት አንድ ስንዝር ፈቀቅ ብላ ምንጣፉ ላይ ታርፋለች። ሳፋው ሲከተላት ወደ ቀድሞ ቦታዋ ትመለሳለች። ሆሳዕና ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ሰማይዋ ለማልቀስ ምክንያት የማይፈልግ ከተማ ናት።

የቤቱ ባለቤት የሂሳብ መምህር ነው፤ ሚስቱ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሁለቱም በኪራይ ቤት ሲኖሩ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ነሐሴ 2015 ላይ ሁለት ነገር ባንድ ወር መጣባቸው። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተና ሆሳዕና የክልሉ መቀመጫ ሆነች፤ ቢሮ ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፣ ሠራተኛ ሲመጣ አከራይ ይነቃል። በዚያው ወር ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለማብረድ ብሎ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጣለ። የሂሳብ መምህር ሁለቱን ለመደመር ወረቀት አያስፈልገውም፦ ኪራዩ ይወጣል፣ ብድሩ ይጠፋል። በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 ሲወጣ ባልና ሚስቱ ትንሽ ተስፋ አድርገው ነበር፤ አከራያቸው ግን ዜና የሚከታተሉ ሰው ናቸው፣ ከአዋጁ ቀድመው ጨመሩ።

ስለዚህ ይግዙ ተባለ። እቁቡ ተለምኖ ቀድሞ ወጣ፤ ከመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር የሚቻለው ተወሰደ፤ የሚስት ወርቅ «ለጊዜው» ተሸጠ፤ ገጠር ያለው ወንድም በሬ ጎተተ። ደላላው ጎፈር ሜዳ በኩል አንድ ቤት አሳያቸው፤ ካርታ ያለው፣ ባለ ሦስት መኝታ፣ ከበስተኋላ ሰርቪስ። «ትንሽ ማስተካከያ ነው የምትፈልገው፣ ቲቸር» አለ። ውሉ የተፈረመው በሰኔ 2016 ነው። ማስተካከያው ለሐምሌ ተቀጠረ።

ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። መንግሥት ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ሲፈራረም፣ መምህሩ ከአንድ አናጢ ጋር የሁለት በርና የአራት መስኮት ስምምነት ነበረው። የመጀመሪያው ጸና። ሁለተኛው ፈረሰ።

ቤቱ የተሠራው በስልክ ነው ማለት ይቻላል። ሻጩ አዛውንት ናቸው፤ ገንዘቡን የላከው ግን ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጃቸው ነው። የሀዲያና የከምባታ ወጣቶች ወደዚያ መጉረፍ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል፤ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ አንጋጫ መንገድ ዳር የሚታየው ብዙ ግድግዳ የቆመው ጆሃንስበርግ ዳርቻ በሽቦ መስኮት በኩል በተሸጠ ዳቦና ሳሙና ነው። ባለቤቱ ቤቱን የሚያየው በቪዲዮ ነው። ቪዲዮ የሚቀርጸው ደግሞ አጎት ወይም ፎርማን ነው፤ እነሱም ከፊት ለፊት ነው የሚቀርጹት። ለዚህ ነው የከተማው ቤቶች ፊታቸው ሴራሚክና ኳርትዝ፣ ጀርባቸው ያልተለሰነ ብሎኬት የሆነው። በሩ የወርቅ ቀለም የተቀቡ ጦሮች የተደረደሩበት ላሜራ ነው፤ ጣሪያውን ግን ማንም በቪዲዮ ጠይቆ አያውቅም።

በዚህ ላይ መማረር ይከብዳል። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ላይ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ሲገኙ፣ በዚህ አካባቢ ስንቱ ቤት ስልክ ሲደውል እንዳደረ መገመት አያቅትም። ያንን መንገድ ተርፎ የደረሰ ልጅ የላከውን ግድግዳ ጠማማ ነው የሚል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚለው። መምህሩም ዝቅ አድርጎ አለ፤ ግድግዳው ግን ጠማማ ነው።

ከአጥሩ ማዶ ያለው ፎቅ ደግሞ ከአንደኛው ወለል በላይ ፌሮው ብቻ ወደ ሰማይ ቆሟል። ምክንያቱ ሩቅ ነው። ኅዳር 6 ቀን 2017 የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ራማፎሳ፣ ሕፃናት በምግብ መመረዝ ከሞቱ በኋላ፣ ስፓዛ የሚባሉት ትንንሽ ሱቆች ሁሉ በ21 ቀን ውስጥ ይመዝገቡ አሉ፤ ቀኑ ኋላ እስከ የካቲት 21 ተራዘመ። ብዙ የውጭ ሰዎች ሱቅ ተዘጋ። ሶዌቶ ውስጥ አንድ መዝጊያ ሲወርድ ሆሳዕና ላይ አንድ ግንበኛ ማንኪያውን አጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ይህን የኢኮኖሚ ትምህርት የጎረቤቱ ዘበኛ ከማንም ባለሙያ በተሻለ ያስረዳል። እሱም ደመወዙን እየጠበቀ ነው።

ወደ ጠብታዋ እንመለስ። መጀመሪያ የመጣው ቀቢ ነው። ቀና ብሎ አየና «ኮርኒሱን ነው መቀየር» አለ። ቀጥሎ የመጣው የቧንቧ ሠራተኛ አሸንዳው በቅጠል ተዘግቷል ብሎ ጠረገ፤ ጠብታዋ በምስጋና ፈጠነች። በመጨረሻ እውነተኛ የጣሪያ ሠሪ ተገኘ። ወጣ፣ ረገጠ፣ ቆርቆሮው ጓ አለ፣ ከላይ ሆኖ ጮኸ፦

«ቲቸር! ይሄ እኮ 35 ነው!»

መምህሩ ደስ አለው። ውሉ ላይ 28 ወይም 32 የሚል ነገር ያየ መስሎት ነበርና 35 ሲባል ትርፍ ያገኘ መሰለው። ሠሪው ወርዶ ነገሩን አስረዳው፤ በቆርቆሮ ዓለም ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብረቱ ይሳሳል። 28ቱ ውፍረቱ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ 35ቱ ከ0.2 ብዙ አይርቅም። «እንዲያውም በጣት ትበሳዋለህ» አለ፣ በጣቱም አሳየ። አሁን ቀዳዳዎቹ ሁለት ሆኑ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቀዳዳውን ያስደፍን ነበር። የሂሳብ መምህር ግን አንድ ቁጥር ሲያድግ ነገሩ ለምን እንደሚያንስ ሳያውቅ አይተኛም። ሲያጠያይቅ ከረመ። ነገሩ የመጣው ከሽቦ ሠሪዎች ነው አሉ፤ ሽቦ በቀዳዳ እየተሳበ ነው የሚቀጥነው፣ ብዙ ጊዜ የተሳበ ቁጥሩ ትልቅ ይሆናል፣ ሽቦው ግን ቀጭን። ቆርቆሮም ከዚያው ቤት ቁጥሩን ወረሰ። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ማን ያስቁመው! ሞገዳማውን ብረት ያወጣው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የሚባል የለንደን ወደብ መሐንዲስ ነው፤ በ1829 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር። የዋለውም ለወደቡ መጋዘን ነው፤ ከሥሩ የሚቀመጠው ሸቀጥ እንጂ ሶፋ አልነበረም። ዝገትን የሚከላከለውን የዚንክ ልባስ በ1837 ያስመዘገበው ደግሞ ሶሬል የሚባል ፈረንሳዊ ነው። መምህሩ ክፍል ገብቶ ዝርግ ወረቀት ሊያቆም ሞከረ፣ ወረቀቱ ወደቀ፣ ያንኑ እንደ ማራገቢያ አጣጥፎ አቆመና መጽሐፍ አስቀመጠበት። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። የዕለቱ ትምህርት ስለ ሎጋሪዝም ነበር።

በዚያ ሰሞን እቤት የመጣ ሰው ቡና ሳይቀዳለት ስለ ሚስማር ይሰማል። የቆርቆሮ ሚስማር የሚመታው በሞገዱ ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ የሚወርደው በሸለቆው ስለሆነ። በሸለቆው የመታ ሠራተኛ ቤቱ ውስጥ ምንጭ አፈለቀ ማለት ነው። መምህሩ ይህን ካወቀ በኋላ መንገድ ላይ ቀና ብሎ እየሄደ የሰው ጣሪያ ይቆጥራል፤ ከባጃጅ ሁለት ጊዜ ለጥቂት ተርፏል። ሚስቱ በእድር ቤት «እንዴት ነው ጤንነቱ?» ተብላ ተጠየቀች።

አያቱ ቢኖሩ ይስቁበታል። የእሳቸው ቤት ክብ ነበር፤ መሐሉ ላይ ምሰሶ፣ ላዩ ሣር። ጢሱ ሣሩን ያጠነክረዋል፣ ምስጥ ያርቃል። ሲያፈስ ደቦ ይጠራል፤ ክፍያው በቆጮና በአይብ፣ ሰው ከበዛ በሥጋ ነው፤ ማንም ከባንክ ምንዛሪ አይጠይቅም። ደግሞ ዝናቡ ሲመጣ ሰው ከሰው ይነጋገራል። ባለ 35 ጌጅ ሥር ግን የሆሳዕና ዝናብ ሲወርድ ጸሎት የሚመራው ወንድም እንኳ አሜን መባሉን በዓይኑ ነው የሚያረጋግጠው። ወደ ሣር መመለስ ታስቦ ነበር፤ በቁም ነገር ነው። ሣር የለም። የግጦሹ ቦታ ባሕር ዛፍ ሆኗል።

መምህሩ የተናደደውም በባሕር ዛፍ ነው። ቆርቆሮው ሲወደድ ችሎ ነበር፤ ጥቅል ብረቱ ከውጭ ይመጣል፣ ያስኬዳል። ሲሚንቶውም ሲወደድ በከፊል ችሏል፤ እዚሁ ሙገር የሚቆፈር ድንጋይ ቢሆንም ነዳጅ አለ፣ መለዋወጫ አለ፣ የጭነት መኪናው ጎማ አለ። ዳንጎቴ ከመጣ ወዲህ ይረክሳል ተባለ፣ መስከረም 2017 የለሚ ፋብሪካ ሲመረቅም ይረክሳል ተባለ፤ ሆሳዕና ሲደርስ ወሬው ከሲሚንቶው ቀድሞ ነው የሚያልቀው። የጣሪያውን እንጨት ለመቀየር አጣና ሊገዛ ሄደ። ዋጋው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

«ለምን?»

«ዶላር ጨምሯል እኮ፣ ቲቸር።»

እዚህ ላይ ሰውየው ቀልዱን ተወ። ባሕር ዛፍ ነው! ከጓሮ የተቆረጠ፣ በአህያ ጋሪ የመጣ፣ በመጥረቢያ የተላጠ ባሕር ዛፍ! የትኛው ባንክ ነው ኤልሲ የከፈተለት? ሰው የራሱን ስስት በዶላር ቋንቋ ሲናገር ማንም የማይጠይቀው እስከ መቼ ነው? ትናንት በድሮ ዋጋ ገብቶ መጋዘን የተቆለለውን ሸቀጥ ዛሬ ጠዋት በሬዲዮ በሰሙት ምንዛሪ የሚሸጡት፣ ዶላሩ ለአንድ ሳምንት ሲረጋ ግን ሬዲዮናቸው የሚበላሽባቸው ሰዎች ምንድን ናቸው? በዚያው ክረምት አዲስ አበባ ላይ ያለአግባብ ዋጋ ጨመሩ የተባሉ ሱቆች ሲታሸጉ ታይቷል፤ እሽጉ ተቀደደ፣ ዋጋው ግን እንደወጣ ቀረ። ደመወዝተኛው ብቻ ነው ጉልበቱን በአምናው ዋጋ የሚሸጥ። ለተማሪ ወላጅ «ዶላር ስለጨመረ ዘንድሮ ግማሹን ምዕራፍ ነው የማስተምረው» ቢል ምን ይሉት ይሆን? ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መምጣቱ እውነት ነው፤ ከ120 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የመጓጓዣው ዕዳ ገና ካልተከፈለ ይነገረን!

ይህን ሁሉ አጣና ሻጩ ፊት ተናገረው። ሰው ተሰበሰበ። ሻጩ አልተቆጣም፤ የገብስ ቆሎ ከኪሱ አውጥቶ አቀረበለት። ማዳበሪያ በስንት እንደገዛ ነገረው፤ ማዳበሪያው በመርከብ ነው የሚመጣው። ዘይቱም። የልጆቹ ደብተር ወረቀትም። «እኔ አጣና ነው ያለኝ፣ ቲቸር። ሌላ ምን ላይ ልጨምር?» አለ። ከልጆቹ አንዷ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ሂሳብ አስቸግሯታል። መምህሩ ቆሎውን እየቆረጠመ የማን ተማሪ እንደሆነች ጠየቀ። የእሱ ነበረች። ዋጋው ትንሽ ወረደ፤ ውጤቷ ላይ ግን ንግግር አልተደረገም።

አጣናው መጣ፤ ቆርቆሮው ግን ለአሁኑ ይቆይ ተባለ። ሁሉንም በ28 መቀየር የሁለት ዓመት ደመወዝ ሊፈጅ ነው፤ በ32 ቢሆን ይሻላል የሚል ሐሳብ አለ፤ ሚስቱ ደግሞ ጣሪያው ቀርቶ መጀመሪያ ሽንት ቤቱ ይሠራ ትላለች፤ ነገሩ እስከ ሀዲያ ዘመን መለወጫ፣ እስከ ያሆዴ በዓል ካልተወሰነ በዓሉን ሊያከብር የሚመጣው ዘመድ ሁሉ የየራሱን ባለሙያ ይዞ ይመጣል። ሬንጅ ተቀብቶበት ነበር፤ ፀሐይ ሲወጣ ይቀልጣል፣ አሁን ጠብታዋ ነጭ ምንጣፍ ላይ ጥቁር ሆና ነው የምታርፈው። አንድ ተማሪ በማስቲካ ሞክር ብሎታል። እስካሁን ከቀረቡት አማራጮች በዋጋ የሚቻለው እሱ ነው።

ጣሪያ ሠሪው ሒሳቡን ሊቀበል በመጣ ዕለት ሻይ ተፈላለት። ስለ ጣሪያ ማንም አላነሣም። ወሬው ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ፣ ስለ ዱራሜ መንገድ ሆነ። ሠሪው ብርጭቆውን አስቀምጦ ዱራሜ መግቢያ ላይ አንድ ቤት ሲሠራ እንደከረመ ተናገረ፤ ባለቤቱ ሱቁ ተዘግቶበት ገንዘብ መላክ አቁሟል፣ አባትየው በድሮው ዋጋ ሊለቁት ነው፣ ትንሽ ብቻ ነው የቀረው፤ በርና መስኮት፣ ምናልባት ልስን። ሚስትየዋ ከጓዳ ሆና ሳል አለች።

«ስንት ካሬ ነው?» አለ መምህሩ።