ፋይከስ ጋይንት ሲገባ

ከባሕር ዳር ወደ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ በሚወጣው አውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ፣ ከፍራሹና ከማንጎው ካርቶን መካከል፣ የማይቀር መንገደኛ አለ፤ በሸክላ የተተከለ ፋይከስ። ባለቤቱ፣ አንድ የንፋስ መውጫ ባለ ሆቴል፣ ውስጥ መስኮት አዘግቶ ተቀምጧል። ዛፉ ወረታን፣ ደብረ ታቦርንና የጉናን ግርጌ በነፋስ እየተገረፈ አልፎ ሲወርድ፣ ቅጠሉ ግማሽ በግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። «ግድ የለም፣ ይለምዳል» ይላል ባለቤቱ።

ምን እንደሚለምድ ግን አልነገረውም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ንፋስ መውጫ 3,000ን ተሻግራለች። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይወርዳል። ሰውዬው ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ ደብረ ታቦር ላይ ጃኬት፣ ክምር ድንጋይ ላይ ጋቢ ደርቧልና። ለፋይከሱ ጋቢ ያሰበለት የለም።

ክረምቱ በደህና ያልፋል። ችግሩ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት ወዲህ ነው። ቀን ፀሐዩ ያነዳል፤ ሌሊት ውርጭ ይወርድና ሜዳው በአመዳይ ነጭቶ ያድራል። ፋይከሱም በሆቴሉ በረንዳ ላይ አብሮ ያድራል። ጠዋት ሲታይ ቅጠሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስላል።

ከዚያ ሐኪሙ ይበዛል። አንዷ «የሰው ዓይን ነው ጋሼ፣ አላፊ አግዳሚው እኮ ሲያደንቀው ነው የሚውል» ትላለች። ሌላው ውሃ ጠምቶት ነው ብሎ ማታ ማታ ያጠጣዋል፤ ውሃውም ከሥሩ ጋር ሲቀዘቅዝ ያድራል። ብልጡ ፌስታል ያለብሰዋል፤ ረፋድ ላይ ማውለቁን ይረሳና ዛፉ በሌሊት ከብርድ አምልጦ በቀትር ይቀቀላል። የቢሮው ሰው ደግሞ አዝኖለት ቤት ያስገባዋል፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥግ፣ ከከሰል ምድጃው አጠገብ። የጀበናው አተላም እዚያው ይደፋለታል።

ይህን ሁሉ ቢችል እንኳ የገና በዓል ይመጣል። እንግዳ አለና ሸክላው መለወጥ አለበት! በዓመቱ ክፉ ብርድ ሥሩ ተቆርጦ አዲስ ሸክላ ውስጥ ይገባል። አዲሱ ሸክላ ከሥሩ ቀዳዳ ነበረው፤ ውሃ የወለሉን ሴራሚክ ያበላሻል ተብሎ በሲሚንቶ ተደፈነ። ዛፉ በውሃ ታፍኖ ይሞታል፤ ሴራሚኩ ያበራል።

ሰሞኑን ደግሞ ስልክ ላይ የጃፓንን ቦንሳይ ያየ ሁሉ ባለሙያ ሆኗል። ጃፓኖቹ ዛፉን በትንሽ ገበታ አሳንሰው ለልጅ ልጅ ያወርሱታል። ዋሽንግተን ያለው አንድ ነጭ ጥድ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1625 ጀምሮ በሸክላ የኖረ ነው፤ በ1945 ከሂሮሺማ ቦምብ ተርፎ በ1976 ለአሜሪካ በስጦታ ተሰጠ። ከእኛ ባለ ሆቴል ይተርፍ እንደሆነ አልወራረድም። ምስጢሩ ሩቅ አይደለም። የብርድ አገር ጥድ በብርድ ወራት መተኛት ስላለበት ከነሸክላው አፈር ውስጥ ቀብረው ደጅ ያሳድሩታል፤ ሸክላ ብቻውን ከቆመ ብርዱ በአራቱም ጎን ይገባበታልና። ፋይከስን የመሰለ የሙቀት አገር ዛፍ ግን ብርሃን ባለበት መስኮት ሥር ይከርማል። ሥር የሚከረከመውና ሸክላ የሚለወጠው፣ ለወጣት ዛፍ በየሁለት ሦስት ዓመቱ፣ ሊያቆጠቁጥ ሲል ነው። ለእኛ ይህ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲደላደል ይሆናል።

የሚያስቀው ግን ጉና ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው ተራራ ፍየል እየቀነጠበችው፣ ውርጭ እየመታው ከጉልበት ያላለፈ የአስታ ዛፍ ሞልቷል፤ ቦንሳይ ማለት እሱ ነው፤ ባለሙያዎቹ ፍየሎች፣ ክፍያቸውም ቅጠሉ። ቦንሳይ ሠሪዎች የሚሻሙበት ወይራም ወደ ታች ጋይንት ወረድ ሲሉ አለ። ሰውዬው ፋይከስ ፍለጋ ባሕር ዳር ሲወርድ፣ ሚስቱ እቤት በወይራ ጋን ታጥናለች።

በዘመቻ የሚተከለው ችግኝም ከዚህ ሐሜት አያመልጥም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገሪቱ በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሏል። ሲተከል ፎቶ ያልተነሳ የለም፤ ኅዳር ላይ ጭድ ይዞ ሊያለብሰው የሚመለስ ሰው ግን አላየሁም። ከነፕላስቲኩ የተቀበረውንስ ማን ያወጣዋል?

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የሸክላችሁን ቀዳዳ አትድፈኑ፤ ሰኔ ሳይገባም ሥሩን አትንኩ። ከባሕር ዳር ስትመጡ ደግሞ ማንጎውን አምጡልን፤ ዛፉን እዚያው ተዉት።